የመኪና ጎማ ንፋስ ስንት ይሁን? ቁጥሩን ማግኘት፣ መለካት፣ መሙላት

ጎሚስታው የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ይዞ «ስንት ላድርገው?» ሲል አብዛኛው ሰው «35 አድርገው» ብሎ ስልኩን ማየቱን ይቀጥላል። 35 ለአንዱ መኪና ልክ ነው፣ ለሌላው ይበዛል፣ ሰው ለሞላ ሚኒባስ የኋላ እግር ደግሞ በጣም ያንሳል። ትክክለኛው መጠን በግምት ወይም በልማድ የሚገኝ አይደለም። መኪናውን የሠራው ፋብሪካ የመኪናውን ክብደትና የጎማውን መጠን አስልቶ ወስኖታል፣ መኪናው ላይም ለጥፎታል። ከባለቤቱ የሚጠበቀው ያንን ቁጥር ማግኘት፣ ጎማው ሳይሞቅ መለካትና እንደ ጭነቱ ማስተካከል ነው።

ቁጥሩ የት ነው ያለው?

የሾፌሩን በር ይክፈቱ። በሩ ሲዘጋ በሚያርፍበት ምሰሶ ላይ፣ ከመቆለፊያው ዝቅ ብሎ፣ የጎማ ሥዕል ያለበት ስቲከር ይገኛል። እዚያ ከሌለ የበሩን ጠርዝ ይመልከቱ። እንደ ፎልክስዋገን ባሉ አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ውስጥም አለ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ የጃፓን ቪትዝ ወይም ሌላ መኪና ከያዙ በግራ በር አይድከሙ፤ ስቲከሩ የቀረው ሾፌሩ በፊት ይቀመጥበት በነበረው በቀኝ በኩል ነው።

ስቲከሩ ላይ መጀመሪያ የጎማው መጠን ይጻፋል፤ ለምሳሌ 185/65 አር 15። ቀጥሎ የፊት እግርና የኋላ እግር ንፋስ ለየብቻ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ሁለት ረድፍ አለ፤ አንዱ ጥቂት ሰው ለያዘ መኪና፣ ሁለተኛው ሰውና ዕቃ ለሞላ። ጽሑፉ በጃፓንኛ ወይም በቻይንኛ ቢሆንም ቁጥሩና የሰውና የሻንጣ ሥዕሉ ለመረዳት ይበቃሉ።

ችግር የሚፈጥረው ቁጥሩ የተጻፈበት የግፊት መለኪያ አሃድ ነው። የአሜሪካ መኪኖች ፒ ኤስ አይ ይጠቀማሉ፤ የጎሚስታ ጌጆችም (የንፋስ መለኪያዎች) አብዛኞቹ የሚነበቡት በዚሁ ነው። የአውሮፓዎቹ ባር፣ የጃፓንና የቻይናዎቹ ደግሞ ኪሎ ፓስካል ይጽፋሉ። አንድ ባር 100 ኪሎ ፓስካል ወይም 14.5 ፒ ኤስ አይ ነው። በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው፦

200 ኪሎ ፓስካል = 2.0 ባር = 29 ፒ ኤስ አይ
220 ኪሎ ፓስካል = 2.2 ባር = 32 ፒ ኤስ አይ
230 ኪሎ ፓስካል = 2.3 ባር = 33 ፒ ኤስ አይ
240 ኪሎ ፓስካል = 2.4 ባር = 35 ፒ ኤስ አይ
250 ኪሎ ፓስካል = 2.5 ባር = 36 ፒ ኤስ አይ
270 ኪሎ ፓስካል = 2.7 ባር = 39 ፒ ኤስ አይ
290 ኪሎ ፓስካል = 2.9 ባር = 42 ፒ ኤስ አይ

ከዚህ በኋላ ቁጥር ብቻ ስንጽፍ ፒ ኤስ አይ ማለታችን ነው።

ጎማው ላይ ያለው ቁጥር የሚሞላው መጠን አይደለም

ጎማው ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል «ማክስ ፕረስ 44» ወይም «51» የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። ብዙ ሰው «ፋብሪካው ራሱ ጽፎታል» ብሎ በዚያ ልክ ያስሞላል። ያ ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው። ያው አንድ ጎማ 1,000 ኪሎ በሚመዝን መኪናም፣ 1,400 ኪሎ በሚመዝን መኪናም ላይ ሊገጠም ስለሚችል የጎማው ፋብሪካ ለእርስዎ መኪና ስንት እንደሚሆን ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው የመኪናው ፋብሪካ ነው።

ስቲከሩ ከጠፋ ወይም አካሉ ሲቀባ ቀለም ከተደፋበት፣ ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ዓመተ ምርትና ተመሳሳይ የጎማ መጠን ያለው ሌላ መኪና ላይ ያለውን ይመልከቱ። እስኪያገኙ ድረስ ለትንሽ የቤት መኪና 32 ወይም 33 ይበቃል፤ አብዛኞቹ ከ30 እስከ 35 ባለው ውስጥ ናቸው። ይህ ግምት ግን ለሚኒባስ፣ ለፒክአፕና ለኤሌክትሪክ መኪና አይሠራም።

ጎማው ስቲከሩ ላይ ከተጻፈው የተለየ መጠን ካለውስ? መጀመሪያ የመሸከም አቅሙን ያረጋግጡ። ከመጠኑ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር እሱን ይናገራል፤ 82 ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይችላል፣ 84 ደግሞ 500፣ 88 ሲሆን 560፣ 91 ከሆነ 615 ኪሎ። አዲሱ ጎማ ከዋናው ያነሰ ቁጥር ካለው ንፋስ ጨምሮ ማካካስ አይሞከርም፤ ጎማው አይገጠም። እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ ከስቲከሩ ቁጥር ይነሡ። ጎማው ላይ «ኤክስ ኤል» የሚል ካለ ሙሉ አቅሙን የሚያወጣው ከፍ ባለ ንፋስ ስለሆነ 2 ወይም 3 ቢጨምሩለት ይመረጣል፤ መቀነስ ግን አይገባም።

የራስዎ ጌጅ ይኑርዎት

የዛሬ ጎማ ጎኑ ለስላሳ ስለሆነ በትክክለኛው ንፋስም ከታች ትንሽ ተንቦርቅቆ ነው የሚታየው። 32 ያለውንና 24 ያለውን አጠገብ ለአጠገብ አቁመው በዓይን ለመለየት ይቸገራሉ። በእግር መርገጥም ሆነ በመዶሻ መታ ማድረግ ጨርሶ የተነፈሰውን ከመለየት አያልፍም።

የማደያና የጎሚስታ ጌጅ በየቀኑ ሲወድቅና ሲረገጥ ስለሚውል ሦስት አራት ቁጥር ቢስት አይገርምም። ባለ ክብ ሰዓት ወይም ዲጂታል የሆነ፣ እስከ 60 የሚያነብ ትንሽ ጌጅ ገዝተው ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ያስቀምጡ። ሲገዙ ሱቁ ውስጥ ካሉት ሁለት ሦስቱን በአንድ ጎማ ላይ ይሞክሩና እርስ በርስ የተስማሙትን ይውሰዱ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በዚያው ይለኩ፤ ጎሚስታው ሲሞላም የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የእርስዎ ጌጅ ይሁን።

አለካክና አሞላል

1. ጠዋት፣ መኪናው ካደረበት ሳይንቀሳቀስ ይለኩ። ስቲከሩ ላይ ያለው ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ቀዝቃዛ የሚባለው ቢያንስ ለ3 ሰዓት የቆመ ወይም ከ2 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ በዝግታ የተነዳ ጎማ ነው። አንድ ጎኑ ፀሐይ ሲመታው የዋለ መኪና በዚያ በኩል 2 ወይም 3 ከፍ አድርጎ ስለሚያነብብ «ግራና ቀኙን ላስተካክል» ብለው አይቀንሱ።

2. የቫልቩን ክዳን ይፍቱና ኪስዎ ውስጥ ያስገቡ። መሬት ላይ ከተቀመጠ ወይ ይጠፋል፣ ወይ አሸዋ ይዞ ይመለሳል።

3. ጌጁን ቀጥ አድርገው አንዴ ጠንከር ብለው ይጫኑ። «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከቀጠለ ጌጁ ጠምሟል፤ የሚነበበው ቁጥርም ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ሁለት ጊዜ ለክተው አንድ ዓይነት ሲመጣ ቁጥሩን ስልክዎ ላይ ይጻፉ። አራቱንም እንዲሁ።

4. ከስቲከሩ ጋር ያስተያዩ። በአንድ መስመር ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ጎማዎች ከ1 በላይ መለያየት የለባቸውም። ከተለያዩ መኪናው ወደ ጎደለው በኩል ይስባል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ይብሳል።

5. ቤትዎ ኮምፕሬሰር ካለ እዚያው ይሙሉ። ጥቂት ሰከንድ ሞልቶ ማቆም፣ መለካት፣ እንደገና መሙላት። ከሚፈለገው 1 ወይም 2 አሳልፎ ሞልቶ፣ ቫልቩ መሃል ያለችውን መርፌ በጥፍር ወይም በጌጁ ጫፍ ነካ ነካ እያደረጉ ማውረድ ከታች ወደ ላይ ከመጨቃጨቅ ይቀላል።

6. ኮምፕሬሰር ከሌለዎት ቤት የለኩትን ይዘው ይሂዱ። ለምሳሌ ስቲከሩ 32 ይላል፣ ጠዋት ቤት ሲለኩ 27 ነበር፤ የጎደለው 5 ነው። ጎሚስታው ጋ ሲደርሱ ጎማው ሞቆ 30 ቢያነብብ እስከ 35 ያስሞሉ። ነገ ጠዋት ሲለኩት 32 ላይ ያገኙታል። ሞቆ 30 ያነበበውን «32 አድርገው» ቢሉት ኖሮ ጠዋት 29 ይሆን ነበር።

7. ቤት ሳይለኩ ወጥተው ጎማው ከሞቀ፣ ከስቲከሩ ቁጥር 4 ጨምረው ያስሞሉና በማግስቱ ጠዋት ያስተካክሉ። የሞቀ ጎማ ከፍ አለ ብሎ ማስተንፈስ ግን ክልክል ነው። በጉዞ 4 እስከ 6 መጨመሩ የተጠበቀ ነው፤ ስቲከሩም ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው የተጻፈው።

8. ክዳኑን ከመመለስዎ በፊት የቫልቩን አፍ በምራቅ ወይም በሳሙና ውሃ ያርጥቡ። አረፋ ከሠራ መርፌዋ ታፈሳለች። ጎሚስታው በአንድ ደቂቃ ይቀይራታል። ከዚያ ክዳኑን በእጅ ያጥብቁ። ክዳኑ ለጌጥ አይደለም፤ አቧራ ከመርፌዋ የሚያርቀው እሱ ነው።

ስለ ጎሚስታው ኮምፕሬሰር አንድ ነገር እንጨምር። ታንከሩ ሲሠራ ውሃ ያጠራቅማል፤ ከሥሩ ያለው መክፈቻ በየጊዜው ካልተከፈተ ውሃው ከንፋሱ ጋር ጎማዎ ውስጥ ይገባል፣ የቸርኬውን (ጎማው የሚገጠምበትን ክብ) ውስጥና የቫልቩን መርፌ ያዝጋል። ቱቦው ከመሰካቱ በፊት ጎሚስታው መዳፍዎ ላይ ትንሽ እንዲያስተነፍስልዎት ይጠይቁ። እጅዎ ከረጠበ ሌላ ቦታ ያስሞሉ።

ናይትሮጅን የሚሸጥበት ቦታ ከደረሱ፣ ተራው ንፋስም 78 ከመቶው ናይትሮጅን መሆኑን ያስታውሱ። ጉዳት የለውም፤ ከተራው ጋር ቢቀላቀልም ችግር አያመጣም። ቁጥሩ ግን ያው የስቲከሩ ነው፣ መለካቱም አይቀርም።

ሲያንስ ምን ይሆናል፣ ሲበዛስ?

ንፋስ ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይተጣጠፋል። መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ጎማውን ከውስጥ ካሉት ሽቦዎች ጋር ያጣበቀውን ያላላል። ረጅም መንገድ ላይ፣ በፍጥነትና በሙቀት፣ ጥርሱ ተገሽልጦ ይወጣል ወይም ጎማው ይፈነዳል። ከዚያ በፊት የሚታዩ ምልክቶች አሉ፦ መሪው ይከብዳል፣ መታጠፊያ ላይ መኪናው ይንሳፈፋል፣ ነዳጅ ይጨምራል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር የአራቱ ጎማ አማካይ በ1 ሲቀንስ የነዳጁ ቆጣቢነት በ0.2 ከመቶ ገደማ እንደሚወርድ ያስቀምጣል። ትንሽ ይመስላል፤ አራቱም በ8 ከጎደሉ ግን ወደ 2 ከመቶ ይጠጋል።

የበዛው ደግሞ መሃሉ ብቻ መሬት ይነካል። ፍሬን ሲያዝ ቶሎ ይንሸራተታል፤ ኮብልስቶን ላይ እየነጠረ ሾክ አብዞርበሩን ይደበድባል፤ ሹል ድንጋይ ሲያገኝም መሸሽ ስለማይችል ቶሎ ይቆረጣል።

ጎማው ራሱ ያለፉትን ወራት ይመሰክራል። የጥርሱን ጥልቀት በውስጠኛው ጠርዝ፣ በመሃልና በውጭው ጠርዝ ይለኩ። ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መሃሉ ከቀረ ንፋስ ሲያንሰው ከርሟል። መሃሉ ካለቀ በዝቶበታል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ንፋሱን አይውቀሱ፤ አላይመንት (የጎማዎቹን አቋቋም ማስተካከል) ያስፈልገዋል። ጥርሶቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቷል ማለት ስለሆነ ጎማው ይቀየር።

ሰውና ዕቃ ሲሞላ

ለበዓል አምስት ሰው ጭኖ፣ የኋላውን የዕቃ መጫኛ በሽንኩርትና በጤፍ ሞልቶ፣ አንዳንዴም በግ ጨምሮ መውጣት የተለመደ ነው። ይህ ጭነት በአብዛኛው የሚያርፈው የኋላ እግር ላይ ነው። የስቲከሩ ሁለተኛ ረድፍ ለዚህ ቀን የተጻፈ ነው፤ የኋላውን ከተለመደው 3 ከፍ የሚያደርግ አለ፣ 8 እና ከዚያ በላይ የሚጨምርም አለ። ከመነሣትዎ በፊት በዋዜማው ወይም ጠዋት ይሙሉ። ተመልሰው ዕቃው ሲወርድ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ይመልሱት፤ ባዶ መኪና በዚያ ንፋስ ከኋላ ይዘላል።

ስቲከሩ አንድ ረድፍ ብቻ ካለው ያ ቁጥር ለሙሉ ጭነትም የተወሰነ ነው፣ መጨመር አይጠበቅብዎትም። ከተፈቀደው በላይ መጫንን ግን በንፋስ ማዳን አይቻልም። ሚኒባስ ላይ ተጨማሪ ሰው ከመጣ «ትንሽ ንፋስ ጨምርበት» የሚለው መፍትሔ የጎማውን ጣሪያ አያሳድገውም።

ወደ ቆላ ሲወርዱ አይቀንሱ

«አዋሽና አፋር ሙቀት ነው፣ ንፋስ ቀንሰህ ውረድ» የሚል ምክር በየጎሚስታው ይሰማል። ስሕተት ነው፤ አደገኛም ነው። በሙቀት የሚፈነዳው ብዙውን ጊዜ ንፋሱ የጎደለው ጎማ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ጌጅ የሚያነብበው ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር የሚበልጥበትን መጠን ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የውጭው አየር ግፊት 11 ያህል ሲሆን ባሕር ጠረፍ ላይ 14.7 ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ 32 የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ ጅቡቲ ቢደርስ፣ ምንም ሳያፈስ፣ ጌጁ 28 ያነብበዋል። በሌላ በኩል ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ንፋሱ በ1.5 ገደማ ከፍ ይላል። ጠዋት አዲስ አበባ 15 ዲግሪ ላይ 32 የሞሉት መኪና ሰመራ ደርሶ፣ 35 ዲግሪ ላይ ቆሞ ሲለካ፣ ከፍታው 3 ቀንሶበት ሙቀቱ 3 ጨምሮለት ያው 32 ላይ ያገኙታል።

ስለዚህ አዲስ አበባ በስቲከሩ ልክ ሞልተው ይውረዱ፤ መንገድ ላይ አይንኩት። ቆላ ለቀናት የሚቆዩ ከሆነ እዚያው ሲነጋጋ ይለኩ፣ ከጎደለ ይሙሉ። ሲመለሱም እንዲሁ፤ ከፍታውና ብርዱ እርስ በርስ ስለሚካካሱ የሚመጣው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ነው።

ይኸው የሙቀት ሕግ በሌላ አገር በተቃራኒው ይመጣል። በሰሜን አሜሪካ ወይም በአውሮፓ ክረምት፣ በ20 ዲግሪ የሞሉት ጎማ ሌሊቱን ከዜሮ በታች 10 ሲገባ 5 ያህል ይጎድለዋል፤ ጠዋት የማስጠንቀቂያ መብራቱ የሚበራው ለዚህ ነው። ቀን ሞቅ ሲል መብራቱ ቢጠፋም የጎደለው ጎድሏል፤ ውጭ ባደረ መኪና ላይ ጠዋት ይሙሉ።

ስክሪኑ የሚያሳየው ቁጥርና የኤሌክትሪክ መኪኖች

በ2016 ዓ.ም ኢትዮጵያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ካገደች ወዲህ መንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ባትሪው ከባድ ነው፤ እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ያለው ወደ 2 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ ስቲከራቸው ላይ 36፣ 39 ወይም 42 ማየት የተለመደ ነው። በቪትዝ ልማድ 32 ካስሞሉት ጠርዙ ቶሎ ያልቃል፣ በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀትም ይቀንሳል።

በነዚህ መኪኖች ስክሪን ላይ የእያንዳንዱ ጎማ ንፋስ ይታያል። ነገር ግን ጎማው ውስጥ ያለው ሴንሰር የሚለካው ጠቅላላውን ግፊት ነው፤ አንዳንዶቹ መኪኖች ከዚያ ላይ የባሕር ጠለልን 14.7 ይቀንሱና ውጤቱን ያሳያሉ። አዲስ አበባ ላይ መቀነስ የነበረበት 11 ነው። እንዲህ ዓይነቱ መኪና በጌጅ 36 የሆነውን ጎማ 32 ገደማ አድርጎ ያሳያል። ባለቤቱ ስክሪኑን አምኖ 36 እስኪል ቢያስሞላ ጎማው በእውነቱ ወደ 40 ይጠጋል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ አራቱንም በጥሩ ጌጅ ይለኩና ከስክሪኑ ጋር ያወዳድሩ። በአራቱም ላይ ስክሪኑ በእኩል 3 ወይም 4 ካነሰ ከፍታው ነው፤ ጌጁን ይመኑ፣ ልዩነቱንም ያስታውሱ። በአንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ሴንሰሩን ያስፈትሹ።

ቁጥር ሳያሳይ መብራት ብቻ የሚያበራ መኪና ላይ ደግሞ መብራቱ እስኪበራ አይጠብቁ። በአሜሪካ ደንብ መብራቱ እንዲበራ የሚገደደው ንፋሱ ከስቲከሩ 25 ከመቶ ሲጎድል ነው፤ 32 የሚፈልገው ጎማ 24 እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል። ጎማው ውስጥ ሴንሰር የሌላቸው፣ የጎማውን አዟዟር በማነጻጸር ብቻ የሚያውቁ መኪኖችም አሉ። እነዚህ ከተሞሉ በኋላ «ሪሴት» ካልተደረጉ የተሳሳተውን ንፋስ እንደ ትክክለኛ ይይዙታል።

አሸዋና ኮረኮንች

ለቤት መኪና ጠጠርና ኮብልስቶን ላይ ንፋስ መቀነስ አይመከርም። ጉድጓድ ሲመታ የጎደለው ጎማ በቸርኬውና በአስፋልቱ ጠርዝ መካከል ይቆነጠጣል፤ ውስጡ ያሉት ክሮች ይበጠሱና ጎኑ ላይ እባጭ ይወጣል። እባጭ ያወጣ ጎማ አይጠገንም፣ ይጣላል።

ዳናኪል አሸዋ ላይ ለሚገባ ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ግን መቀነስ ግዴታ ነው። 16 እስከ 18 ድረስ ሲወርድ ጎማው ረዘም ብሎ ይተኛና ከመስጠም ያድናል። በዚህ ንፋስ ፍጥነት ከ30 አይለፍ፤ መሪም በኃይል አይጠምዘዝ፣ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል። አስፋልት ከመርገጥ በፊት በ12 ቮልት ኮምፕሬሰር መመለስ አለበት። ትንሿ ኮምፕሬሰር ባትሪ ስለምትጨርስ ሞተሩ እንደበራ ይሙሉ፣ አንድ ጎማ በሞሉ ቁጥርም ትንሽ ያሳርፏት።

የሚያፈስ ጎማ

ደህና ጎማ በወር 1 ወይም 2 ይቀንሳል፤ ስለዚህ በወር አንዴና ከረጅም ጉዞ በፊት መለካት ይበቃል። አንዱ ጎማ ብቻ በሳምንት 3 ከቀነሰ ግን ያፈሳል። በየማደያው እየሞሉ መክረም መፍትሔ አይደለም። የሳሙና ውሃ ጥርሱ ላይ፣ ቫልቩ ሥርና ጎማው ከቸርኬው በሚገናኝበት ዙሪያ ያፍስሱ። አረፋ የሠራበት ነው። ሚስማር ከሆነ እስከ ጎሚስታው ድረስ አይንቀሉት። በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ጠርዙ ዝጎ ከሆነ ጎማው ወልቆ ጠርዙ መፋቅ አለበት። ጎኑ ላይ የተበሳ አይደፈንም።

ተነፍሶ ጥቂት መቶ ሜትር እንኳ የተነዳ ጎማ ተደፍኖ ከመመለሱ በፊት ከቸርኬው ይውጣና ውስጡን ይመልከቱ። እጅዎን ሲያስገቡ ጥቁር የጎማ ዱቄት ከያዘ፣ ወይም ጎኑ ውስጥ ለውስጥ ክብ የተፋቀ መስመር ካለ፣ ጎማው ራሱን ፈጭቷል። ንፋስ ይይዛል፤ ፈጣን መንገድ ላይ ግን አይታመንም።

ስኮርታውም ይለካ

የኋላው የዕቃ መጫኛ ሥር የተኛው ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) በሚፈለግበት ቀን ባዶ ሆኖ የሚገኘው ማንም ስለማይለካው ነው። ከአራቱ ጋር እኩል መጠን ያለው ከሆነ በስቲከሩ ላይ ባለው ከፍተኛ ቁጥር ይሙሉት፤ የትኛውም እግር ላይ ቢገባ ማስተንፈስ ከመሙላት ይቀላል። ቀጭኗ ጊዜያዊ ስኮርታ ግን 60፣ ማለትም 420 ኪሎ ፓስካል፣ ትፈልጋለች፤ ጎኗ ላይ ተጽፏል። ጎሚስታው ቁጥሩን ሲሰማ ቢያመነታ ጽሑፉን ያሳዩት። በእሷ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዳም፤ ሞተሩ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞርበት መኪና ከሆነ ደግሞ ደህናውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት አምጥተው ስኮርታዋን ከኋላ ይግጠሟት።